በመጫወቻ ጡብ የብርድ ወራትን እንቆቅልሽ ስለ ማበጀት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተጻፈ ትምህርት

እንቆቅልሽ በአገራችን የታወቀ ጨዋታ ነው። ማታ በእሳት ዳር አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ የጠፋበትም አገር ሰጥቶ ይፈታለታል። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ በሰሙ ውስጥ ወርቁን ስንፈልግ ያደርንበትን ሌሊት አንረሳም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን በአፍ ሳይሆን በእጅ ስለሚፈታ እንቆቅልሽ ነው፤ ይኸውም ትንንሽ የመጫወቻ ጡቦችን አያይዞ ቁራጭ ማበጀት፥ ቁራጮቹንም በአንድ ክፈፍ ውስጥ አግጥሞ የብርድ ወራትን ሥዕል ማውጣት ነው።

ይህን ለሕፃናት የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው፥ እንቆቅልሹ መልስ ያለው መሆኑን ራሱ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው፤ ሁለተኛው፥ ለጥያቄው መልሱ አንድ ብቻ እንዲሆን ሌላውን መንገድ ሁሉ መዝጋት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሳላደርግ ቀርቼ ያደረስሁትን በደል ከዚህ በታች ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ስለ ጡቡ

ከመጫወቻ ጡቦች ሁሉ በዓለም እጅግ የታወቀው ሌጎ የተባለው ነው። የተገኘበት አገር ዴንማርክ፥ ስፍራውም በጁትላንድ ያለችው ቢሉንድ ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል አናጢ በ1932 ዓ.ም. ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1934 ዓ.ም. ለሥራው ሌጎ የሚል ስም አወጣለት፤ ይህም በዴንማርክ ቋንቋ «ደኅና አድርገህ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተውጣጣ ነው። በ1949 ዓ.ም. እርስ በርሱ የሚያያዝ የፕላስቲክ ጡብ አወጡ፤ ነገር ግን የዚያ ጡብ ሆዱ ባዶ ስለ ነበረ አጥብቆ አይጨብጥም ነበር። በ1958 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ልጁ ጎትፍሬድ በጡቡ ሆድ ውስጥ ቱቦዎች እንዲቆሙ አድርጎ የፈጠራ መብት ጠየቀበት። ከዚያ ወዲህ ከታች ያለው ጡብ በራሱ ላይ ያሉትን ክብ ጉብታዎች በላይኛው ጡብ ቱቦና ግድግዳ መካከል አስገብቶ ይጣበቃል፤ ሕፃን ያያይዘዋል፥ ሕፃንም ይለያየዋል፥ በራሱ ግን አይፈርስም።

መጠኑ በጥንቃቄ የተለካ ነው። ከአንድ ጉብታ መካከል እስከ ጎረቤቱ መካከል 8 ሚሊሜትር ነው። የሙሉው ጡብ ቁመት፥ ጉብታውን ሳይጨምር፥ 9.6 ሚሊሜትር ሲሆን የስሱ ጡብ ቁመት 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ሦስት ስሶች ቢደራረቡ አንዱን ሙሉ ያክላሉ። አምስት ስሶች ቢደራረቡ ደግሞ 16 ሚሊሜትር ይሆናሉና የሁለት ጉብታን ወርድ ያክላሉ። ለእንቆቅልሽ ሠሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁራጩን አቁሞም አጋድሞም በልክ ማስገባት ይችላልና።

ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ፥ ኅብራቸውም አንድ የሆነ ሁለት ጡቦች በ24 ዓይነት መንገድ ይያያዛሉ። ስድስት ሲሆኑ ግን ቁጥሩ 915,103,765 ይሆናል፤ ይህን ካሰሉት አንዱ የኮፐንሐገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ሰረን አይለርስ ነው። ቤት ለሚሠራ ልጅ ይህ ብዛት ሀብት ነው። እንቆቅልሽ ለሚያበጅ ሰው ግን ብዙ ቀዳዳ ያለው አጥር ነው፤ ሥራው አዲስ ቀዳዳ መክፈት ሳይሆን ከአንዱ በቀር ሁሉን መድፈን ነው፤ ከዚያም በኋላ ያ አንዱ በእውነት ክፍት መሆኑን ራሱ አልፎበት ማየት ነው።

ስለ ብርድ ወራት

እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለውን የዝናብ ወራት ነው። በዴንማርክና በሌሎች የሰሜን አገሮች ግን የብርዱ ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው፥ ለእኛ በጋ የሆነው ጊዜ ነው። በኮፐንሐገን በታኅሣሥ አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ሰው ከቤቱ ይሰበሰባል፤ የገበታ ጨዋታና እንቆቅልሽም የዚህ ወራት ወዳጅ ነው። መምህሩ ይህን ወራት በደፈናው ክረምት ብሎ ቢያስተምር ተማሪው ጭቃና ጉም፥ የሞላ ወንዝም ያስባል፤ ስለዚህ «የብርድ ወራት» ማለቱ ይሻላል።

ስለ በረዶም እንዲሁ አስቀድሞ መናገር ይገባል። አማርኛችን አመዳይና ውርጭ የሚሉ ቃላት ቢኖሩትም ብዙ ጊዜ ለሁሉም በረዶ ማለትን ይመርጣል። ግእዙ ግን በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ ብሎ ይለያል፤ በረድ ጠጥሮ ከዳመና የሚወርደውና እህል የሚመታው ነው፥ ሐመዳ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው፥ አስሐትያም ማለዳ በሣር ላይ የሚገኘው ውርጭ ነው። የሰሜን ሰዎች የብርድ ወራት ሥዕል ሐመዳ ነው እንጂ በረድ አይደለም። ተማሪው የሚያውቀው በረድን ብቻ ከሆነ፥ ልጆች በዚያ ነጭ ምድር ላይ ሲጫወቱ የሚያሳይ ሥዕል ሲያይ ይደነግጣል።

ሐመዳ ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ባሉት የሰሜን ተራሮች ላይ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ከዚህም በላይ፥ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ቆሞ ያገኘውንና የገለበጠውን የድንጋይ ጽሕፈት ያጻፈ አንድ የአክሱም ንጉሥ፥ ወደ ሰሜን ተራሮች በዘመተ ጊዜ ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት ሐመዳ እንዳገኘ ይናገራል። ለታሪክ መምህር ይህ መልካም መግቢያ ይሆነዋል።

እንግዲህ የብርድ ወራትን ሥዕል የሚያስብ ሰው ፊት ለፊት የሚመጣለት የሐመዳ ቅንጣት ነው፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት እርሱን ነበር። ቅንጣቱ በማጉያ መነጽር ሲታይ ስድስት ጨረር ያለው ኮከብ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1611 ዓ.ም. ስለዚሁ ስለ ስድስት ማዕዘኑ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ለወዳጁ የአዲስ ዓመት ስጦታ አድርጎ ሰጠ። በአሜሪካ የቨርሞንት ገበሬ የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ በ1885 ዓ.ም. አንዱን ቅንጣት ፎቶግራፍ አነሣ፤ እስኪሞትም ድረስ ከ5,000 በላይ አነሣ። የስድስትነቱ ምክንያት ውኃ ሲረጋ ረቂቅ ቅንጣቶቹ በባለ ስድስት ማዕዘን ሥርዓት ስለሚደረደሩ ነው።

የመጫወቻው ጡብ ግን ጉብታዎቹ በአራት ማዕዘን ተደርድረው የቆሙ ናቸው፤ ስድስቱን ጨረር በልክ አይቀበልም። ብልሃት አይጠፋም፤ ሰባት ጉብታ ወደ ጐን፥ አራት ጉብታ ወደ ላይ ቈጥሮ መስመር የሚያሰምር ሰው ከአግድሙ 29.7 ዲግሪ ያህል የሚያዘነብል ጨረር ያገኛል፤ የሚፈለገውም 30 ነውና ዓይን አይለየውም። ነገር ግን ይህ ብዙ ጡብና ሰፊ ገበታ ይጠይቃል። በጥቂት ጡብ የሚሠራው ቅንጣት ባለ አራት ወይም ባለ ስምንት ጨረር ይሆናል፤ ያም ሐሰት ነው። ሐሰተኛውን ቅንጣት በክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከማስተማር እውነተኛውን ጥድ ማሳየት ይሻላል ብዬ ቅንጣቱን ተውሁት። ጥድ ከታች ሰፊ፥ ከላይ ጠባብ ስለ ሆነ በአራት ማዕዘን ጡብ ደኅና ሆኖ ይወጣል፤ ሕፃናቱም ያውቁታል።

የራሴ ጥፋት

አንድ ዘመዳችን ከውጭ አገር ሲመለስ አንድ ከረጢት ጡብ አምጥቶልን ነበር። እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለሆነች ለእኅቴ ልጅ እንቆቅልሽ ላበጅላት ተነሣሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ አራት ትንንሽ ካሬዎች በጐን በጐናቸው የተያያዙበት እንዲሆን ወሰንሁ። አራት ካሬ በእንዲህ ያለ መንገድ የሚያያዝበት መልክ፥ ዞሮና ተገልብጦ አንድ የሚሆነውን እንደ አንድ ብንቈጥር፥ አምስት ብቻ ነው፤ ቀጥ ያለው ረጅሙ፥ ሁለት በሁለት የሆነው ካሬው፥ እንደ አናጢ ማዕዘን የታጠፈው፥ እንደ ደረጃ የተሰበረው፥ አምስተኛውም አንድ ክንፉ የጐደለ መስቀል የሚመስለው ነው። አምስት ጊዜ አራት ሃያ ነው። ክፈፉንም አራት በአምስት አድርጌ ሠራሁት፤ እርሱም ሃያ ነው። «ሒሳቡ ገጥሟል፤ እንግዲህ ቁራጩም ይገጥማል» አልሁ። ሳልሞክረው ሰጠኋት።

ልጅቱ ሦስት ማታ ደከመች። አራቱን ታስገባለች፥ አምስተኛው ይተርፋል፤ አምስተኛውን ስታስገባ ሌላው ይወጣል። በሦስተኛው ማታ ቁራጮቹን ወደ እኔ ገፍታ «ጋሼ፥ ለካ እኔ አእምሮ የለኝም» አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ላሳያት ተቀመጥሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጬ አልገጠመልኝም።

ምክንያቱን ያገኘሁት በማግሥቱ ነው፤ እናንተም ለተማሪዎቻችሁ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ልታሳዩት ትችላላችሁ፤ ከመደመር በላይ ዕውቀት አይጠይቅም። ክፈፉን እንደ ዳማ ገበታ አንዱን ካሬ ጥቍር፥ ጎረቤቱን ነጭ እያደረጋችሁ ቀቡት። ከሃያው ካሬ አሥሩ ጥቍር፥ አሥሩ ነጭ ይሆናል። አሁን ቁራጮቹን አንድ በአንድ ገበታው ላይ አኑሩ። ረጅሙ በየትም ቢቀመጥ ሁለት ጥቍርና ሁለት ነጭ ይሸፍናል። ካሬውም እንዲሁ፥ ማዕዘኑም እንዲሁ፥ ደረጃውም እንዲሁ። ጐደሎ መስቀሉ ግን መካከሉ ጥቍር ላይ ቢያርፍ ሦስቱ ክንፎቹ ነጭ ላይ ይውላሉ፤ መካከሉ ነጭ ላይ ቢያርፍ ሦስቱ ጥቍር ላይ ይውላሉ። ስለዚህ አምስቱ ቁራጮች አንድ ላይ የሚሸፍኑት ከአንዱ ኅብር አሥራ አንድ፥ ከሌላው ዘጠኝ ነው። ክፈፉ የሚጠይቀው አሥርና አሥር ነው። የሰሎሞን ጥበብ ቢጨመርበት አይገጥምም።

ይህን አሳይቼ «የሰጠሁሽ ጥያቄ መልስ አልነበረውም» ስላት ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያስ ጥፋቱ የእርስዎ ነዋ» አለችኝ። እውነት ነበር። መልስ የሌለው ጥያቄ የተሰጠው አዋቂ ሰው ጥያቄውን ይጠራጠራል፤ ሕፃን ግን ጠያቂውን አይጠራጠርም፥ የሚጠራጠረው ራሱን ነው። እኔ ባልደከምሁበት አንድ ሰዓት ምክንያት ልጅቱ ሦስት ቀን ራሷን ሰነፍ አድርጋ ቈጥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም እንቆቅልሽ ራሴ ሳልፈታው ለማንም አልሰጠሁም።

ጥሩውን ስለ ማበጀት

ሥራው የሚጀመረው ከመልሱ ነው። ቅኔ ዘራፊ አስቀድሞ ወርቁን በልቡ ይይዝና ኋላ ሰሙን እንደሚያለብሰው፥ እንቆቅልሽ ሠሪም አስቀድሞ የሞላውን ክፈፍ ይሥራና ኋላ ይቍረጠው። እኔ ቁራጩን አስቀድሜ ክፈፉን ኋላ በማድረጌ ነው የሳትሁት።

ጐደሎ መስቀሉ ብቻውን ገበታውን የሚያዛባ ከሆነ፥ ሁለት ቢሆን አንዱ ሦስት ጥቍር፥ ሌላው ሦስት ነጭ ይዞ ሊካካስ ይችላል። ስለዚህ አራት በአራት የሆነ ክፈፍ ወስጄ በአራት ቁራጭ ከፈልሁት፤ ሁለት ጐደሎ መስቀሎች፥ አንድ ማዕዘን፥ አንድ ረጅም። ተመሳሳይ ፊደል ያለበት አንድ ቁራጭ ነው፤

ሀ ሀ ሀ መ
ለ ሀ ሐ መ
ለ ሐ ሐ መ
ለ ለ ሐ መ

ሀ እና ሐ ጐደሎ መስቀሎቹ ናቸው፤ ለ ማዕዘኑ ነው፤ መ ረጅሙ ነው። አሁን ቀዳዳውን መፈለግ ይገባል። ረጅሙ በመካከል ካሉት ሁለት ዓምዶች በአንዱ ሊቆም አይችልም፤ በጐኑ አንድ ዓምድ ብቻ ይተርፋልና፥ ያንን የሚሞላ ሁለተኛ ረጅም የለንም። ስለዚህ ከዳር ይቆማል። የቀረውን ሦስት በአራት ስፍራ ሦስቱ ቁራጮች የሚሞሉበትን መንገድ ከአንዱ ማዕዘን ጀምሮ አንድ በአንድ መሞከር ነው፤ እኔ በወረቀት ላይ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እዚህ ላይ ጡቡ አንድ ውለታ ይውልልናል፤ ጉብታው ሁልጊዜ ወደ ላይ መሆን ስላለበት ቁራጭን መገልበጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ የታጠፈው ማዕዘን ወደ ግራ የታጠፈውን ተክቶ አይገባም። ከወረቀት በተቈረጠ እንቆቅልሽ ላይ ይህ መከልከያ የለም።

በመጨረሻ የተረፈው፥ ክፈፉን ማዞርን እንደ አዲስ ካልቈጠርነው፥ ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ሦስቱ እንዳሉ ሆነው ረጅሙ በቀኛቸው ይቆማል፥ ወይም በግራቸው ይቆማል። ሁለተኛውን የሚዘጋልን ሥዕሉ ነው። ሰ ሰማያዊ፥ አ አረንጓዴ፥ ነ ነጭ ይሁን፤

ሰ ሰ ሰ ሰ
ሰ አ አ ሰ
አ አ አ አ
ነ ነ ነ ነ

ሰማዩ ከላይ ነው፥ ጥዱ በመካከል ነው፥ ከታች ያለው ነጩ ሐመዳ ነው፤ ግንዱ የማይታየው ሐመዳው ስለ ቀበረው ነው። በዚህ ኅብር ረጅሙ በግራ ቢቆም የጥዱ ጫፍ ወደ ቀኝ ይጋደላል። ቀጥ ብሎ የቆመው ጥድ የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው።

ቁራጮቹ እንዳይፈርሱ በሁለት ደርብ ስስ ጡብ ይሠራሉ። ግንበኛ ድንጋይ ሲያነባብር መገጣጠሚያው በመገጣጠሚያ ላይ እንዳይውል እንደሚጠነቀቅ፥ እዚህም የላይኛው ደርብ የታችኛውን ስንጥቅ ይሸፍን። ለምሳሌ ሀ ከላይ አንድ ባለ ሦስት ሰማያዊና አንድ ባለ አንድ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከታች ባለ ሁለቱ ከመካከለኛው እስከ ክንፉ ይዘረጋል፥ በሁለቱ ዳር ባለ አንድ ይገባል። ለ ከታች ባለ ሦስትና ባለ አንድ፥ ከላይ ሰማያዊ፥ አረንጓዴና ባለ ሁለት ነጭ ነው። ሐ ከታች ባለ ሦስቱ ቁልቁል ይቆማል፥ ክንፉ ባለ አንድ ነው፤ ከላይ ባለ ሁለት አረንጓዴ ክንፉን ከመካከሉ ጋር ያስራል፥ ከላዩ አረንጓዴ፥ ከታቹ ነጭ ባለ አንድ ይሆናል። መ ከታች ባለ አራት፥ ከላይ ባለ ሁለት ሰማያዊ፥ ከዚያ አረንጓዴና ነጭ ነው። ጠቅላላው 19 ስስ ጡብ ነው።

ክፈፉ ስድስት በስድስት በሆነ ስስ ገበታ ላይ ይቆማል። ዙሪያውን ሁለት ባለ ስድስትና ሁለት ባለ አራት ጡብ ያጥሩታል። ውስጡን ጉብታ በሌላቸው ለስላሳ ክዳኖች መሸፈን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቁራጩ ከገበታው ጋር ይጣበቅና ሕፃኑ በጥፍሩ ሲነቅል ሐሳቡ ይበተናል። ጡቡ ከጉብታው ልክ በጥቂቱ አንሶ ስለሚሠራ ቁራጮቹ ያለ ግፊያ ይገባሉ።

ከዚህ ከፍ ያለ ለሚሹ ትልልቅ ተማሪዎች አምስት አምስት ካሬ ያላቸው ቁራጮች አሉ፤ መልካቸው አሥራ ሁለት ነው። እንዲህ ያሉትን ቁራጮች በ1953 ዓ.ም. ስም አውጥቶ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ ያስተዋወቃቸው አሜሪካዊው ሰሎሞን ጎሎምብ ነው። አሥራ ሁለቱን፥ መገልበጥ ተፈቅዶ፥ በስድስት በአሥር ክፈፍ ውስጥ ማግጠም የሚቻልበት መንገድ 2,339 ነው። እነዚያኑ ቁራጮች በሦስት በሃያ ክፈፍ ውስጥ ማግጠሚያው ግን ሁለት ብቻ ነው። ቁራጮቹ አልተለወጡም፥ የካሬውም ቁጥር ስድሳ እንደ ሆነ ነው፤ የተለወጠው የክፈፉ መልክ ብቻ ነው። ስለዚህ እንቆቅልሹ ከበደ ወይም ቀለለ ሲባል ቁራጭ ከመጨመር በፊት ክፈፉን መመልከት ይገባል።

ስለ መሞከርና ስለ መስጠት

የሠራው ሰው መልሱን ስለሚያውቅ የሥራውን ክብደት መመዘን አይችልም። ስለዚህ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው፥ ከተቻለም አንዱ ሕፃን ሆኖ፥ አስቀድሞ ይሰጥ። ሠሪው አጠገባቸው ይቀመጥ፥ አፉን ግን ይያዝ። እጃቸው የት ላይ እንደሚመላለስ ይይ። አንዱ ተፈታኝ ያልታሰበ መልስ ቢያመጣ መቈጣት አይገባም፤ ያልተደፈነ ቀዳዳ አሳይቶናልና እናመስግነው።

በክፍል ውስጥ ሲሰጥ የሥዕሉ ወረቀት አብሮ ይሰጥ፤ መልሱ ግን ታሽጎ ከመምህሩ ዘንድ ይቆይ። ለተቸገረ ልጅ መልሱን ከመንገር ይልቅ «ረጅሙ በመካከል ቢቆም በጐኑ የተረፈውን ምን ይሞላዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የቅኔ መምህሮቻችንም ወርቁን አይነግሩንም ነበር፤ በሰሙ ላይ ጣታቸውን አኑረው ዝም ይሉ ነበር።

ጡቡ የማይገኝበት ትምህርት ቤት ይህን ሥራ መተው የለበትም፤ የጡቡም ባለቤት በእንጨት የጀመረ አናጢ ነበር። በየካሬው አራት ሳንቲሜትር አድርጎ ከስስ ሳንቃ ቢቈርጡት ይሆናል። ነጩ በኖራ፥ አረንጓዴው ከገበያ በሚገኝ ቀለም ይቀባል። ሰማዩንም በሰማያዊ ፈንታ በከሰል ቢያጠቍሩት ሌሊት ይሆናል፤ ለሰሜን አገር የብርድ ወራት ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱ ይስማማዋል። የሳንቃ ቁራጭ ሊገለበጥ ስለሚችል ቀለሙን በአንድ ፊቱ ብቻ መቀባት ነው፤ ያልተቀባው ፊት ወደ ላይ ከሆነ ስሕተት መሆኑን ሕፃኑ ራሱ ያውቃል።

የእኅቴ ልጅ አዲሱን እንቆቅልሽ ስትቀበለኝ መጀመሪያ የጠየቀችው «ይኸኛውስ መልስ አለው?» ብላ ነው። አለው አልኋት። በዚያው ማታ ቀጥ ያለውን ጥድ አወጣች። በማግሥቱ ደግሞ ክፈፉን ይዛ መጣች፤ ረጅሙን በግራ አቁማ ጫፉ የተጋደለውን ጥድ ሠርታለች። ይህ ስሕተት ነው ልላት አፌን ስከፍት «ነፋስ ሲመታው ነው» አለችኝ። እኔም በሥዕሉ ወረቀት ጀርባ ሁለተኛ ጥያቄ ጻፍሁበት፤ ነፋስ ያጋደለውን ጥድ አውጡ የሚል።